ስምንተኛዋ ሽማግሌ

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሆኜ የተመረጥኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሚስት የለኝም፤ ራሴም በቅጡ አልሸበተም። ምእመናኑ የመረጡኝ ለጥበቤ እንዳይመስላችሁ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ የአዳራሹ መብራት በተበላሸ ቁጥር መሰላል ተሸክሜ ስለምመጣ ፊቴን ለምደውታል።

የቀሩት ስድስት ሽማግሌዎች በዕድሜ አባቶቼ ናቸው። ሰብሳቢያችን ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከእሳቸው ቀጥሎ ቃላቸው የሚከብደው ጡረታ የወጡት መምህር ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እንኳ ደብተራችንን ሊያርሙ የተነሱ ይመስለናል። የምንሰበሰበው ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ከበድ ያለ ጉዳይ ከመጣ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አንድ ሳምንት እንጸልይበት» ይላሉ። በሳምንቱ እያንዳንዳችን ሐሳባችንን እንናገራለን። ከሰባታችን አምስቱ ካልተስማማን ጉዳዩ ይወድቃል።

የሚወድቅ ጉዳይ ግን አልነበረም። በሳምንቱ ስድስቱም አንድ ቃል ይዘው ይመጣሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድ ልብ ሰጠን» ይላሉ ጋሼ፤ ከዚያ ስድስቱም ዞር ብለው እኔን ያዩኛል፤ እኔ ሁልጊዜ ሌላ ሐሳብ ይዤ ነው የምመጣው። የሰንበት ትምህርት ልጆች ወደ ኋለኛው ክፍል ይዛወሩ ሲባል፣ «ጣሪያው ያፈሳል፤ ገመድ ስዘረጋ በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ ተቃወምኩ። መምህር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ልጄ፣ ጸሎትህ ላይ በርታ» አሉኝ። ልጆቹ ተዛወሩ። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ዘርግተው መዝሙር ሲያጠኑ አየኋቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያም ሆኖ ጸሎቴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

አንድ ሐሙስ የሴቶች ኅብረት ክፍል አምፖል መያዣው ተቃጥሎ ተጠራሁ። መሰላሉ ላይ ወጥቼ ስሠራ ከሥሬ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ስብሰባ ላይ ነበሩ። የምትመራቸው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ኅብረቱን ከያዘች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል። የታመመ የምትጠይቅ፣ የተጣላ የምታስታርቅ እሷ ናት።

«የመዘምራኑ ልምምድ ቅዳሜ ይሁን ወይስ እዚያው ዓርብ ይቆይ?» ብላ ጠየቀች።

እጄ ቀጥ አለ። ይህ ከትናንት በስቲያ እኛ ሰባታችን በር ዘግተን የተነጋገርንበት ጉዳይ ነው። ሴቶቹ ግራ ቀኙን አይተው ቅዳሜ ይሁን ብለው ተስማሙ።

«የእኔው ሰውዬ ዛሬውኑ ይሰማል» አሉ የመምህር ባለቤት።

«የእኔው ግን ሐሳቡ የራሱ ካልመሰለው አይቀበልም» አሉ የጋሼ ባለቤት። «ቀስ እያልኩ ነው። እሑድ ማታ ላይ እሱው ይነግረኛል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፒንሳዬ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ምነው፣ ኤሌክትሪክ ያዘህ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ።

«እትዬ፣ ለካ እዚህ ነው የምንወስነው?»

«ብታገባ ኖሮ ይሄኔ ድሮ ሰምተህ ነበር» አሉኝ የጋሼ ባለቤት፤ ሴቶቹ እንደገና ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ የስንት ወር ጭንቀቴ ነው በአንድ ቀን የተፈታው።

ሴቶቹ ሲወጡ ልብስ ሰፊዋ ወንበር ለማስተካከል ቀረች። «የኋለኛው ክፍልስ የማን ሐሳብ ነበር?» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። «የእኔ። ጣሪያው እንደሚያፈስ አላወቅሁም፤ ማን ይነግረኛል? የእኔ ሐሳብ በስድስት ሚስት አፍ ስድስት ቤት ይገባል። እናንተ ጋ ሲደርስ ማን እንዳለው አይታወቅም፤ መልሱም ወደ እኔ አይመጣም። አንተ ተቃውመህ እንደነበር የሰማሁት ልጆቹ በዝናብ ከራሱ በኋላ ነው።» ወንበሩን አስቀመጠችና ቆመች። «ምእመናኑ ለሽምግልና ጠቁመውኛል፤ ማክሰኞ ታዩታላችሁ። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን እላለሁ። ለአንተ ግን ልንገርህ፣ በጣም እፈልጋለሁ።»

ማክሰኞ ሲደርስ ስድስቱም በአንድ ቃል ልምምዱ ቅዳሜ ይሁን አሉ፤ ቀጥሎ ጋሼ የጥቆማውን ወረቀት አነበቡ። በቤተ ክርስቲያናችን ሴት ለሽምግልና ስትጠቆም የመጀመሪያዋ ነበረች። «የተመራጮቹ ስም እሑድ ይነበባል፤ አንድ ሳምንት የለንም» አሉ። «ደግሞም ጉዳዩ ሴቶችን ስለሚነካ ለማንም ሳይወራ ዛሬውኑ እዚሁ ይለቅ።»

እንዲህ ያለ ትርምስ አይቼ አላውቅም። ሁለቱ ደገፉ፣ ሦስቱ ተቃወሙ፣ ጋሼ መሃል ላይ ቀሩ። ትንሽ ቆይቶ ከደጋፊዎቹ አንዱ ተቃዋሚ ሆነ፣ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ደጋፊ። መምህር፣ «ከእኛ በፊት የነበሩት አባቶች ያላደረጉትን እኛ ማን ነን?» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ፣ «ግን ባለቤቴ ታማ በተኛች ጊዜ ሦስት ወር የጠየቀቻት እሷ ናት» ብለው ራሳቸውን ያዙ። መድኃኒት ቤት ያላቸው ሽማግሌ በሩን በሩን ያያሉ፤ ቤት ደርሰው መመለስ አምሯቸው ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ከዞርን በኋላ ጋሼ፣ «እንግዲህ አንድ ልብ ካልሆንን ይቅር» ብለው ብዕራቸውን አነሱ።

ፈራሁ። የምለውን ብል ከዚያ ጠረጴዛ ሊያነሱኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ቦታዬን ደግሞ ወድጄዋለሁ። ዝም ብል ግን ሴትዮዋን በየትኛው ዓይኔ ላያት ነው?

«መምህር፣» አልኩ፣ «የመዘምራኑ ልምምድ ቅዳሜ ይሁን ያሉት ከየት አምጥተው ነው?»

«ጸልዬበት ነዋ።»

«ብቻዎን?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከባለቤቴ ጋር። ምን ነውር አለው?»

«ነውር የለውም። እርስዎስ ጋሼ?»

ጋሼ ብዕራቸውን አስቀመጡ። እኔም ሐሙስ መሰላል ላይ ሆኜ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ዘረገፍኩት። የባለ መድኃኒት ቤቱ ሽማግሌ ጆሮ ቀላ። መምህር ጣታቸውን እያጠፉ ያለፉትን ውሳኔዎች አንድ በአንድ ሲያስታውሱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ የጋሼ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«እኔ እኮ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እሑድ ማታ ሐሳቤን ስነግራት ዝም ብላ ስለምትሰማኝ እንዴት ያለች ታዛዥ ሚስት ሰጠኝ እል ነበር።»

ሳቁ እየዞረ መምህር ጋ ሲደርስ እሳቸውም አልቻሉም። «ዘጠኝ ዓመት በምክሯ ስሄድ ኖሬ አሁን አትምከሪኝ ልላት ነው?» ብለው መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ሆኑ። ሰባት እጅ ወጣ።

በተከታዩ ማክሰኞ ስምንተኛ ወንበር ተጨመረና ልብስ ሰፊዋ መሃላችን ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ካለፈው ሳምንት ኀፍረት ገና ስላልወጡ በአክብሮት ሊገድሏት ምንም አልቀራቸውም። ከመስበኪያው ጀርባ ያለው ግድግዳ ስላረጀ ወፍራም መጋረጃ በነጻ ልስፋለት ብላ ሐሳብ አቀረበች። «ግሩም ነው» አሉ መምህር። «ምን ጥያቄ አለው» አሉ ጋሼ። የቀሩትም ተከተሉ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

ገና በመጀመሪያ ቀኗ ልቃወማት ነው።

«አይሆንም፣ እትዬ። እዚያ ግድግዳ ላይ ያሉት መብራቶች እንደ እሳት ይግላሉ። መጋረጃው ይያያዛል።»

ጋሼ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ። እሷ ግን ፊቷን ቋጠረችና፣ «ዘጠኝ ዓመት ከሥራቸው ተቀምጬ ሲግሉ አላየሁም» አለች። እኔም አልበገር አልኩ፤ እሷም ጨርቅ ታስተምረኛለህ ወይ ብላ ተነሳች። ስምንታችንም ተያይዘን ወደ አዳራሹ ገባን። መሰላሉን ያዝኩላት፤ ወጣችና መብራቱን በጣቷ ጫፍ ነካች። ቶሎ መለሰችው።

ወርዳ ጣቷን አሸች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። መምህር በቁጣ ወደ እኔ ዞሩ፤ ጋሼ፣ «ከፋሽ እንዴ?» አሏት ቀስ ብለው።

«ኧረ የለም፣ ጋሼ» አለች፤ ፈገግ ብላ ነበር። «ተሳስተሻል ያለኝ ሰው ዛሬ ገና አገኘሁ።»