የመጥለፊያው ጉቶ

"ጋሼ፣ ግንዱን ያስቀድሙ እንጂ። ጫፉን ካስቀደሙት እሾሁ ተመልሶ ይገርፍዎታል።"

እንድሪስ የጎተተውን የግራር ቅርንጫፍ አዞረና ወፍራሙን በኩል ወደ መክተፊያው አፍ ገፋው። ማሽኑ ከእጁ ነጠቀው። ሁለት ሰው ተጋግዞ ግማሽ ቀን የሚለፋበት ቅርንጫፍ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ፍቅፋቂ ሆኖ በወዲያኛው በኩል ተረጨ። እንድሪስ እጅጌው ላይ የቀረውን እሾህ ነቀለ። ልጁ የተናገረው ልክ ነበር፤ ያናደደውም ልክ መሆኑ ነው።

"ልጁ" ማለት ለእንድሪስ ይቅለለው እንጂ ሙንተሲር ሠላሳ ሊሞላው ነው። የሚስቱ የኡሙሰልማ ታናሽ ወንድም ሲሆን መጥረቢያ አያያዝ ያስተማረውም ራሱ እንድሪስ ነው። ከጎብዬ እስከ ሮቢት ጉቶ ማስነቀል የፈለገ ገበሬ ሁሉ "እንድሪስን ጥሩት" ይል ነበር። ሃያ ዓመት በዶማና በመጥረቢያ ሥር ሲያሳድድ ኖሯል። አንድ የግራር ጉቶ ሁለት ቀን ይፈጅበታል፤ ሦስት ቀን የፈጀበትም አለ። የሙንተሲር ጉቶ መፍጫ ማሽን ግን ዛሬ ከቁርስ በኋላ ተነሥቶ ገና ረፋዱ ሳይጋመስ ሁለት ጉቶ ዱቄት አድርጓል። ሰዉም "አለቃ" ማለቱን ወደ ሙንተሲር አዙሯል። ለቀድሞው አለቃ የተረፈው ሥራ ለአዲሱ አለቃ ቅርንጫፍ መጎተት ነው።

እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ሙንተሲር ከጓደኞቹ ጋር ማኅበር ሲያቋቁም መጀመሪያ የለመነው እንድሪስን ነው። እንድሪስ ሳቀበት፤ የቆቦ ግራር በሞተር የሚነቀል ቀን ያኔ ጥሩኝ ብሎ አሰናበተው። ልጁ አዲስ አበባ ሄደና ማሽኖቹን መርጦ መጣ። ሻጩ ትልቅ ትልቁን ሊያሸክመው ቢታገልም እሱ ትንሽ ትንሹን ያዘ። በማሳ ድንበር መሃል የሚያልፍ፣ በፒክአፕ የሚጎተት፣ ቺንጋውና ኩሽኔታው ቢያልቅ ወልድያ ላይ የሚገኝ ነው የፈለገው።

እንድሪስ ይህን ሁሉ ያወቀው ኡሙሰልማ ራት በቀረበ ቁጥር ስለምትተርክለት ነው። ወንድሟ የመክተፊያውን ቢላዎች ሥራ በዋለበት ቀን ሁሉ እንደሚሞርድ፣ ግራሶ ሳይቀባ ቁርስ እንደማይቀምስ፣ ትነግረዋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ የባሏ መጥረቢያ በምን እንደሚሳል አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ይህንኑ አንድ ቀን ቢነግራት ምንም አልደነገጠችም።

"ወንድሜ ነው፤ እኔ ካልኮራሁበት ማን ይኩራበት?" አለችው።

እንድሪስም "ኩሪ" ብሏት ራቱን ትቶ ተነሣ።

ቅናት ነበር። እሱ አንዳንዴ ድካም ይለዋል፣ ሲብስበትም የወገብ ሕመም ያደርገዋል፤ ስሙ ግን ቅናት ነው። መክተፊያው ጎን ላይ "ምቀኛ አታሳጣኝ" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ከቆቦ ባጃጆች ግማሹ የለጠፉት ነገር ነው፤ እንድሪስ ግን እሱን አስበው የለጠፉት መስሎት ቅርንጫፍ መጎተት ከጀመረ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ በቀጥታ ሊያየው አልቻለም።

የዛሬው ማሳ ደግሞ ይበልጥ አንገብግቦታል። ባለቤቱ አያ ኢብሮ ማንጎ ሊተክሉ ያስቆረጧቸው አራት ግራሮች ነበሩ፤ ጉቷቸውን አንተ ትነቅልልኛለህ ብለው አምና ቃል የገቡት ለእንድሪስ ነበር። አሁን ጥላ ውስጥ ከውሃ ጀሪካናቸው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ማሽኑ ባጓራ ቁጥር "ሱብሃነላህ" ይላሉ። ቃላቸውን ረስተውታል። ፍቅፋቂውንም ከማንጎው ሥር አልብሰው እርጥበት ሊይዙበት አስበዋል። በእንድሪስ መጥረቢያ ጊዜ ማንም ስለ ፍቅፋቂ አስቦ አያውቅም።

ሦስተኛው ጉቶ ከማሳው ራስ ላይ፣ ጎርፉ ከወንዙ ተጠልፎ በሚገባበት አፍ ነው። የራያ ቆላ ገበሬ የራሱን ዝናብ ብቻ አይጠብቅም፤ ተራራው ላይ የዘነበውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። መጥለፊያው እሾህና ድንጋይ ስለሆነ ጎርፍ ሲበረታ ጠራርጎት ይሄዳል። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በአንድ ክረምት ሁለቴ ቢሄድባቸው፣ እንድሪስና የአያ ኢብሮ ወንድም ሦስት የፌሮ ቁራጮች ከዚህ ግራር ሥር መትተው እሾሁን አሰሩበት። ዛፉ እያደር ብረቱን ዋጠው፤ ልጡ ገጠመና ጠባሳ እንኳ አልቀረበትም። አያ ኢብሮ ያኔ ከግመል ነጋዴዎች ጋር አፋር ወርደው ነበር። ወንድማቸው፣ አላህ ይርሐማቸውና፣ ካረፉ ቆይተዋል። ስለ ፌሮው የሚያውቅ በዚህ ዓለም የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ቅርንጫፍ ይጎትታል።

ሙንተሲር ጉቶውን ዞረው። በረጅም ብረት ሥር ሥሩን እየወጋ ጎርፍ የሸጎጠውን ጠጠር አስወጣ፤ አፈሩን በውሃ አጠበ። ከዚያ ቀና ብሎ እንድሪስን ፈለገው።

"ጋሼ፣ ይህን ዛፍ ያውቁታል? የተለየ ነገር አለው?"

"ጉቶ ጉቶ ነው" አለ እንድሪስ። "ምን ይኖረዋል?"

ብሎም ወደ ቅርንጫፎቹ ተመለሰ። ሆድ ይፍጀው አለ በልቡ። ይህን ያህል የሚወራለት ማሽን ራሱ ያግኘው።

መፍጫው ተነሣ። ባለ ጥርሱ ዲስክ ጉቶው ላይ ወርዶ ከግራ ወደ ቀኝ እያመላለሰ ይልጠው ጀመር። እንድሪስ በእጁ ቅርንጫፍ ይዞ፣ ጆሮውን ግን እዚያ አድርጎ ቆመ። ብዙም አልቆየም፤ ብረት ከብረት ተላተመ። ከዲስኩ የተሰበረች ጥርስ የማሽኑን የጎማ መጋረጃ በጥሳ ወጣችና ጀሪካኑን ወጋችው። ውሃው ይንዠቀዠቅ ጀመር።

እንድሪስ ደስ አለው። ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ከልቡ ደስ አለው። ከዚያ ጀሪካኑን አየ። ቀዳዳው ከአያ ኢብሮ ጉልበት አንድ ስንዝር አይርቅም።

ሙንተሲር ሞተሩን አጥፍቶ መጀመሪያ የሮጠው ወደ ሽማግሌው ነበር። እግራቸውን ዳብሶ ደህና መሆናቸውን ካየ በኋላ ከጥላው አስነሥቶ ራቅ አደረጋቸው። ጉቶውን በመጥረቢያ ቀደደና የተጣመመውን ፌሮ መንቅሮ አወጣ። የማኅበሩ አባል አለሙ፣ ዛፍ ውስጥ ብረት የሚደብቅ ሰይጣን ብቻ ነው እያለ ሲራገም፣ ሙንተሲር አስቆመው።

"ሰይጣን የለም፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ጉቶ ሳታውቀው አትንካ ብለው ያስተማሩኝ ጋሼ እንድሪስ ናቸው። እኔ ቸኮልኩ።"

ይህን ያለው ሁሉም እየሰማ ነው። እንድሪስ መሬት መሬቱን አየ።

የተሰበረችው ጥርስ አንዲት ብትሆንም ሙንተሲር ትይዩዋንም ፈታ። አለሙ ደህናዋን ለምን ትነካለህ ቢለው፣ አንዷ አዲስ አንዷ ያለቀች ሆነው ከተሽከረከሩ ዲስኩ ሚዛን ያጣል፣ ሲንቀጠቀጥም ኩሽኔታውን ይበላዋል ብሎ አስረዳው። የቀራቸው መለዋወጫ ጥርስ አሁን የሚገጥማቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። እነሱ ከሄዱ ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ማኅበሩ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ሙንተሲር ተንበርክኮ ቡሎኑን ሲያጠብቅ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ነበር። ልጅ ሆኖ የእንድሪስን መጥረቢያ ሲስልም እንዲሁ ያደርግ ነበር። አንድ ቀን ምላስህን ትቆርጣለህ እያለ ይቆጣው እንደነበር እንድሪስ አስታወሰ። በራሱ ተናደደ።

ሁለት ብረት ይቀራል። አንዱ ከወጣው በስተግራ ነው። ሌላው ሙንተሲር ቆሞ ማሽኑን በሚይዝበት በኩል ነው። መናገር ቀላል በሆነ ነበር፤ ነገር ግን የቀሩትን የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያውንም ማወቁ አይቀርም። ዝም ካለ ደግሞ እስከ ቀብሩ ድረስ የሚጠይቀው የለም።

ሞተሩ ተነሣ። ሙንተሲር ዲስኩን ከፍ አድርጎ ወደ ጉቶው አቀረበ። እንድሪስ ቅርንጫፉን ጣለና ሄደ፤ ሰዉ ፍቅፋቂ ሊጠርግ መስሎት ዝም ብሎ አየው። ደረሰና እግሩን ጉቶው ላይ አሳረፈ።

ሙንተሲር ማሽኑን መልሶ ጎትቶ አጠፋው። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ወላሂ ጋሼ፣ እግርዎ እኮ ነው። ምን ነካዎት?"

"ሁለት ይቀራሉ።"

"ምን?"

"ፌሮ። እኔና የአያ ኢብሮ ወንድም ነን የመታነው፣ ለመጥለፊያው፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት። ሦስት ነበር። አንዱ እዚህ በግራ ነው፤ ሌላው አንተ በቆምክበት በኩል።"

አለሙ አንዴ ፌሮውን አንዴ እንድሪስን አየ። ሙንተሲር ሞኝ አልነበረም፤ ቅድም ምን ጠይቆ ምን እንደተመለሰለት አልረሳም። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አሁን ነው አይደል ትዝ ያለዎት? አሥራ አምስት ዓመት ነው፤ ሰው ይረሳል።"

የማምለጫ በር ከፍቶለት ነበር። "አዎ" ቢል አያ ኢብሮ ይመርቁታል። አለሙም አለቃ ማለት እንዲህ ነው እያለ ገበያ ለገበያ ያወራለታል። ማታም ኡሙሰልማ ራት አቅርባ፣ ባሌ ባያስታውስ ኖሮ ወንድሜ ምን ይውጠው ነበር እያለች ለጎረቤት ትተርካለች። እንድሪስ ይህን ወሬ ምን ያህል እንደሚፈልገው ያወቀው ገና አሁን ነው።

እግሩን ከጉቶው ላይ አነሣ።

"አይደለም" አለ። "ስትጠይቀኝም አውቅ ነበር።"