የማክሰኞው ታንኳ

የአጥማጆች ሰፈር በሆነው ቡኮም ማክሰኞ ባሕር አይገባም። ባሕሩም የሚያርፍበት ቀን ነው። ደፍሮ የገባ ሰው ታንኳውን የአጥማጆቹ አለቃ ይወርስበታል፣ አበቃ። ስለዚህ የሰፈሩ ሽማግሌዎች አባት ያጡ ጎረምሶችን ሰብስበው፣ ማክሰኞ እጃቸውን አጣጥፈው ለሚውሉ አጥማጆች አደሏቸው፤ መረብ እየጠገኑ ሰው እንዲሆኑ።

ለአታ ቦርቴይ፣ ማለትም ለአባባ ቦርቴይ፣ ስድስት ልጆች ደረሷቸው። ምን ታይቷቸው እንደ ሰጧቸው እንጃ። አታ ቦርቴይ ወሬ ከጀመሩ መረብ አይዛቸውም። እንደ እሳቸው ወሬ፣ ሻርክ ጋልበው ድንበር ማዶ ሎሜ ሊገቡ ሲሉ፣ የድንበር ዘቦች የሻርኩን ፓስፖርት ጠይቀው መለሷቸው። አንድ ማክሰኞ ደግሞ ብቻቸውን ባሕር ገብተው፣ ታንኳው በዓሣ ብዛት ሰምጦ፣ ከባሕሩ የሚታየው የእሳቸው ባርኔጣ ብቻ ነበር። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሲሰሙ፣ ሽማግሌው ዕድሜያቸው በግማሽ የቀነሰ ይመስላቸዋል።

አንድ ማክሰኞ አምስት ብቻ መጡ።

«ኦካይቴይ የታለ?» አሉ ሽማግሌው።

እርስ በርስ ተያዩ። ትንሹ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፦ «እርስዎን ሊሆን ሄዷል።»

አታ ቦርቴይ መርፌውን ጥለው ወደ ባሕሩ ሮጡ። ልጁ ይዞት የሚገባው ታንኳ፣ ባሏን ባሕር ከወሰደባት ወዲህ የኦካይቴይ እናት ብቸኛ መተዳደሪያ ነው። ሲደርሱ ልጁ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ታንኳውን እየገፋ ነበር።

«መልስ! ክልክል ነው!»

«እርስዎ ገብተው የለ እንዴ፣ አታ?»

ባሕር ዳር ዓሣ በጢስ የሚያደርቁት ሴቶች ቀና አሉ። አምስቱ ልጆችም ከኋላ ደረሱ። ልጁን የሚመልሰው አንድ ቃል ብቻ እንደሆነ ሽማግሌው ገባቸው። ያ ቃል ከወጣ ግን እነዚያ ስድስት ጥንድ ዓይኖች ዳግመኛ እንደዚያ አያዩዋቸውም።

«አልገባሁም።»

«ምን?»

«አንድም ማክሰኞ ገብቼ አላውቅም። እፈራለሁ!»

«ሻርኩስ?»

«ሻርክ ያየሁ ቀን መረብ ውስጥ ተሸጉጬ አለቀስኩ።»

«እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር!» አለች አንዷ ሴት። «አንተ ቦርቴይ፣ አንተን የሚሸከም ሻርክ ጤና የለውም!»

ባሕር ዳሩ በሳቅ ተናጋ። ኦካይቴይ ብቻ አልሳቀም።

«ታዲያ ለምን ይዋሹናል?»

«ስትሰሙኝ ደስ ስለሚለኝ።»

ልጁ ታንኳውን ወደ አሸዋው አዞረ። «ከባድ ነው። ያግዙኝ እንጂ» አለ፤ ሁሉም ገፉ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አታ ቦርቴይ ማንም አይመጣም ብለው መቀመጫ አላወጡም። ስድስቱም ግን ለምሳ የበቆሎ ኬንኬያቸውን ይዘው መጥተው አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

«ዛሬ» አለ ኦካይቴይ፣ የመረቡን ጫፍ እየሳበ፣ «የፈሩበትን ቀን ይንገሩን።»

አታ ቦርቴይ መርፌውን አስቀመጡ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ቶሎ በመጣላቸው።

«ረጅም ነው» አሉ።

«ማክሰኞ አይደል እንዴ፣ የት እንሄዳለን?»