የቡዜ የአቋም መግለጫ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መምህርት ጸሐይወርቅ ስድስተኛ ክፍል ተውሳከ ግስ ስታስተምር ጠመኔው ሁለት ጊዜ ከእጇ ወደቀ። ከረቡዕ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ እንቅልፍ የላት፣ እህል አይወርድላት። ረቡዕ ዕለት ጎረቤቷን አናጺውን ቡዜን ቀበሌ አስሮታል።

ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃላት ጽፋለች፦ በቆራጥነት፣ በጽናት፣ ያለማወላወል።

«ሦስቱም የሰውን ቁርጥ ሐሳብ ያሳያሉ» አለች። «ግን አንድ አይደሉም። በቆራጥነት የሚለው አንዴ ተወስኖ ከሚደረግ ነገር ጋር ይስማማል፤ በቆራጥነት ተነሣ፣ በቆራጥነት እምቢ አለ። በጽናት ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ በጽናት ጠበቀ፣ በጽናት ቻለ። ያለማወላወል የምንለው ደግሞ ሁለት መንገድ ሲኖር ነው፤ አንዱን ይዞ ወደ ሌላው ዞር ብሎ ላለማየት። ብቻቸውን ግን ምንም አይሉም። ግሱን ተደግፈው ነው የሚቆሙት።»

ከፊት የምትቀመጠው ማሚቴ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ በቆራጥነት መተኛት ይቻላል?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጸሐይወርቅም ልትስቅ ስትል በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየችው፤ ሳቋ እዚያው ቀረ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ገሠሠ ነበር።

ገሠሠ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሁን ሽጉጥ ታጥቋል። ክፉ የሚባል ሰው አይደለም። ፈሪ ነው፤ ፈሪነቱ ግን ለሌላው ሰው ይተርፋል።

«ጓድ ጸሐይወርቅ፣ አንድ ወረቀት ትጽፊልኛለሽ» አላት ወደ ውጭ ጠርቶ። «የቡዜን የአቋም መግለጫ። ነገ ጠዋት ስብሰባ ላይ ያነበውና ይለቀቃል። አላነብም ካለ ወደ በላያችን ወዳለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ይተላለፋል፤ ከዚያ ወዲያ እኔ የለሁበትም።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እሱን አንቺ ታውቂበታለሽ።» ዓይኑ በተከፈተው በር በኩል ወደ ሰሌዳው ሄደ። «እነዚያ ሦስቱ ቃላት ብቻ እንዳይቀሩ። ጠንከር ጠንከር ያለ ይሁን። ከከፍተኛ ካድሬ ይመጣል።»

የቡዜ ጥፋት፣ ባለፈው ስብሰባ መፈክር ሲባል ሰው ሁሉ ግራ እጁን ሲያነሣ እሱ ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ መቀመጡ ነው። ጴንጤ ነው። ከጋሞ አገር ከመጣ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እነ ጸሐይወርቅ ሰፈር፣ መካኒሳ፣ የእሱ እጅ ያላረፈበት በርና መስኮት ጥቂት ነው። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ እሱና መሰሎቹ ቤቱ ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። ጸሐይወርቅ በግድግዳው በኩል ትሰማቸዋለች። ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ቤቷ ገብታ ወረቀት አወጣች። «የቀድሞ እምነቴን በቆራጥነት አወግዛለሁ» ብላ ጻፈች። አነበበችው። ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ ተመልሳ ቀደደችው። ሌላ ጀመረች፤ እሱንም ቀደደች። ይኼን ቡዜ አያነበውም። ባያነበው ደግሞ ነገ ይወስዱታል።

ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ገሠሠ ያዘዛት ተውሳከ ግሶቹን ነው። ስለ ግሱ ምንም አላለም። እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ስንፍናን በቆራጥነት እዋጋለሁ። የሰፈሬን ሕዝብ ያለማወላወል አገለግላለሁ። ያመንኩበትንም ነገር እስከ መጨረሻው በጽናት እጠብቃለሁ።»

ወረቀቱን ይዛ ወደ ቡዜ ቤት ሮጠች። ሚስቱ አማከለች የላፍቶ ገበሬ ልጅ ናት፤ ለባሏ እራት ልታደርስ ምሳ ዕቃውን በነጠላ እየቋጠረች ነበር። ጸሐይወርቅ ቀስ ብላ አነበበችላት።

«ይኼን ያነበዋል» አለች አማከለች ጥቂት አስባ። «ውሸት የለበትም። ግን እትዬ፣ እነሱስ ምን ብለው ይሰሙታል?»

«እነሱ መስማት የሚፈልጉትን ይሰማሉ።»

ገሠሠም እንደዚያው አደረገ። ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እየነዳ ሦስቱን ቃላት ፈልጎ አገኛቸው፤ «ይኼ ነው ጽሑፍ!» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ጢም አለ። ካድሬው መነጽር ያደረገ ቀጭን ወጣት ነው፤ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ቡዜን ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አመጡት። ወረቀቱን ተቀብሎ በዚያ የአገሩ ቅላጼ ባልለቀቀው አማርኛው፣ ቃል በቃል እየረገጠ አነበበ። ሲጨርስ ሕዝቡ አጨበጨበ። ገሠሠ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ።

ካድሬው አላጨበጨበም። «አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «በጽናት እጠብቃለሁ ያልከው ምኑን ነው?»

ቡዜ መልሱ እዚያ ያለ ይመስል ወረቀቱን አየ። ጸሐይወርቅ የተቀመጠችበትን አግዳሚ ጫፍ በሁለት እጇ ጨበጠች። ሥራዬን በል፣ አለች በልቧ። አብዮቱን በል። ኧረ ዝም በል!

«ጌታዬን ኢየሱስን» አለ ቡዜ።

ካድሬው መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገ።

«ወረቀቱን ማን ጻፈልህ?»

ገሠሠ አመድ መሰለ። ቡዜ ግን ወደ ማንም አልዞረም። «ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጥያቄው ካለ ለእኔ ነው» አለ።

አንዱ አብዮት ጠባቂ የጠመንጃውን አፈሙዝ ጎኑ ላይ ደገፍ አደረገበት። ጸሐይወርቅ ለመነሣት አላሰበችም፤ ራሷን ቆማ አገኘችው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰረች፤ የቀበሌው እህል ማከማቻ ውስጥ፣ ባዶ ጆንያ ላይ። እየጠሩ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ያስነብቧታል። «ለምን እጠብቃለሁ አልሽ? ለምን እተዋለሁ አላልሽም?» ይሏታል። እሷም ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም ትላለች። በመጨረሻ ሰለቻቸው። ስትፈታ ከማስተማር አንሥተው የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል መደቧት። ገሠሠን ከሊቀ መንበርነት አወረዱት፤ ወደ ልብስ ስፌት መኪናው ተመለሰ፤ መንገድ ላይ ሲያያት ይሻገራል።

ቡዜ የተፈታው ከስምንት ወር በኋላ፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው። ጸሐይወርቅ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት ልትለው ሄደች። ከስቷል፤ ግራ ጆሮው በደንብ አይሰማም። ሻይ ተቀዳላት፤ ሳትቀምሰው ቀዘቀዘ። ስምንት ወር ሙሉ ሲከነክናት የኖረውን ነገር አወጣችው።

«ጋሽ ቡዜ፣ ምናለ ሥራዬን ቢሉት ኖሮ? እኔ መውጫ ሠርቼልዎት አልነበረም?»

«ገብቶኛል እኮ» አለ። «ጥሩ መውጫ ነበር። አይቼውም ነበር። ግን ሰውየው ጠየቀኝ እኮ፣ መምህርት።»

አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ የዛገ መላጊያውን አወጣና ስለቱን በጣቱ ይዳብስ ጀመር።

አማከለች እስከ አጥሩ በር ሸኘቻት። ዝናቡ አባርቷል፤ መንገዱ ግን ጭቃ ነው።

«እኔንም ስጠይቀው ይችኑ ነው የሚለኝ» አለች አማከለች። «ስምንት ወር ምሳ ዕቃ ይዤ ስመላለስ በልቤ ስሰድበው ነበር እትዬ፣ እውነቴን ነው። ደግሞ ሌላ ነገር ብሎ ቢመጣ ኖሮ እንዴት አድርጌ አብሬው እንደምቀመጥ አላውቅም።»

ጸሐይወርቅ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ጭቃውን እየዘለለች ሄደች።