ፀሐይ የሚጠጣው ጣሪያ

ቤታችን ጣሪያውም ግድግዳውም በሩም ቆርቆሮ ነው። በበጋ የልጄ ባል አሮጌውን ጣሪያ አንስቶ ሌላ አለበሰው። ከፀሐይ መብራት የሚያወጣ ጥቁር ንጣፍ ከፋብሪካው ላዩ ላይ ተለጥፎበት የመጣ ቆርቆሮ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ዓይን ግን አለኝ። ጣሪያ ዝናብ ይመልስ እንጂ ምን መብራት አደረገው ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም። አማቼን ሁሉን አውቃለሁ ባይ ስለሆነ መሐንዲሱ እለዋለሁ። ሙያው ሶፋ መሥራት ነው።

ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈስ ጀመር። አንድ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ፍንትው ስትል፣ መሐንዲሱ የመብራቱን ማጥፊያ ዘጋና መዶሻና ሚስማር ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። ልጄ ሕፃን ልጇ ሲያለቅስባት አድሮ ውስጥ ተኝታለች። እኔ ደጅ ልብስ አጥባለሁ።

በእርጥብ እጄ ግድግዳውን ደገፍ ብል፣ ክንዴን እስከ ብብቴ ነዘረኝና ጭቃው ላይ ዘረረኝ።

«ግድግዳህ ይናከሳል» አልኩት።

«ማጥፊያውን ዘግቻለሁ እኮ እማማ። እርጅና ነው የጣለዎት።»

«እርጅና ከግድግዳ አይመጣም። ሚስማርህን እየው።»

ጎንበስ አለ። ከሚስማሩ ሥር እንደ ጋለ ዘይት ይንጣጣል። ፊቱ አመድ መሰለ። ማጥፊያው የሚዘጋው ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ነው አለኝ፤ ንጣፉ ግን ፀሐይ እያየችው ዝም አይልም። ሚስማሩ የንጣፉን ሽቦ ወግቶ ቤቱን በሙሉ መብራት አስይዞታል። እሱ ላዩ ላይ ስለሆነ አልያዘውም። የሚይዘው እርጥብ መሬት ረግጦ ቆርቆሮውን የነካውን ነው። ውስጥ ደግሞ ሲሚንቶው ውኃ አቁሯል።

ልጄን ልጠራ አፌን ስከፍት ከውስጥ ውኃው ላይ ጭብ፣ ጭብ የሚል ሰማሁ። ድንቡሼው የልጅ ልጄ ከአልጋ ወርዶ እየዳኸ ነው። ጠዋት ጠዋት ድምፄን ሲሰማ መጥቶ በሩን በመዳፉ ይደበድባል። እናቱን ላንቃ ብዬ ብጮህ እሱ ይፈጥናል፤ ዝም ብል እሷ አትነቃም። በዕድሜዬ አፌን ያዘጋኝ ሰው የለም። ያን ጊዜ ግን በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ያዝኩት። ጭብታው ወደ በሩ ቀረበ።

አልጋው ያለበትን በጣቴ አሳየሁት። መሐንዲሱ ገባው። እየተንፏቀቀ ሄዶ በልጄ ራስ ላይ ቆርቆሮውን በመዶሻ ይቀጠቅጠው ጀመር። ሕፃኑ ደንግጦ ጮኸ። ልጄም ይሄ ሰውዬ ጨርሶ አበደ እያለች ነቃች።

እሱ በሆዱ ተኝቶ፣ አፉን ቆርቆሮው ላይ ደፍቶ «ልጁን አንሺና አልጋው ላይ ውጪ። በሩንም ግድግዳውንም እንዳትነኪ» አላት።

ከዚያ ምንም አይሰማም። ብጠይቅ ሕፃኑ ድምፄን ሰምቶ ወደ በሩ ይመጣል።

«ይዤዋለሁ» አለች በመጨረሻ።

ሶፋ የሚሠራበት ክፍል ጓሮ ነው። ሮጬ የሶፋ ጨርቅ ጥቅሎቹን እያመጣሁ ወረወርኩለት። ያ የደንበኛ ነው ሊል ሲል አየሁትና ዋጠው። ጥቁሩን በሙሉ እስኪሸፍን ድረስ ደራርቦ አለበሰው። መንጣጣቱ ቆመ።

«እማዬ፣ ልክፈት?» አለች ልጄ።

«የጠፋ ይመስለኛል» አለ እሱ ከላይ።

በይመስለኛል ልጄን አላስወጣም። ቆዪ አልኳትና ጭቃው ላይ በባዶ እግሬ ቆሜ የእጄን ጀርባ ወደ በሩ አስጠጋሁ። ነካሁት። ቀዝቃዛ ብረት ነው። በመዳፌ ሙሉ ያዝኩት።

«ክፈቺ» አልኳት።