ሶፍ ዑመርን በክረምት ይጎብኙ

ወደ ልጄ የአስጎብኚነት ድረ ገጽ የሚወስደው ሊንክ ላይ የተጻፈው «ሶፍ ዑመርን በክረምት ይጎብኙ» ነበር። ሲጫኑት የሚከፈተው ገጽ ግን «በክረምት ዋሻው ውስጥ አትግቡ፤ ወይብ ወንዝ ድንገት ይሞላል» ይላል። ይህን ያየሁት ልጄ ዘይነዲን ሁለት እንግዶች ጭኖ ከሮቤ ከወጣ በኋላ ነው።

ባልና ሚስት ናቸው። ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ባልየው እየሳቀ «በክረምት ኑ ብላችሁ ጠርታችሁን የለ?» ሲል ሰምቼ ግራ ገባኝ። ዘይነዲንን ወደ ጎን ጠርቼ «ይቅርብህ» አልኩት።

«አዮ እናቴ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። አንቺ በበጋም ጃንጥላ ትይዣለሽ» ብሎ አሾፈብኝ።

እሱ ያየው የሮቤን ሰማይ ነው። ሳኔቴ ተራራ ላይ ከዘነበ ውሃው ታች ዋሻው ድረስ እንደሚወርድ ያውቃል፤ ግን ከሁለት ወር በኋላ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራ ነበር።

ሲሄዱ እህቱን ኢብቲሳምን ስልኳን አስከፈትኳት። የወንድሟን ድረ ገጽ የሠራችው እሷ ናት፤ ሊንኩንም በየሆቴሉ ገጽ ላይ ያስለጠፈችው እሷው።

«ገጹ አትምጡ እያለ ሊንኩ ኑ ይላል?»

«"እዚህ ይጫኑ" ብል ማን ያገኘናል? ሰው ጎግል ላይ የሚፈልገውን ቃል ነው የጻፍኩት። ከገቡ በኋላ ማስጠንቀቂያውን ያነቡታል ብዬ ነው።»

«ካላነበቡትስ?»

ስልኳን ሰጠችኝ። የወንድሟ ስልክ ቁጥር ከሊንኩ ሥር ተጽፎ ነበር፤ ሰዎቹ ርዕሱን አይተው በቀጥታ ደውለዋል።

ከሰዓት በኋላ የሳኔቴ አናት ጠቆረ። የልጄ ስልክ አይሠራም። ሲመሽ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ።

«ሚስትየዋን ጎባ ሆስፒታል አስገባኋት። ባልየውን ውሃ ወሰደው። ገመዱን ስጪኝ፣ ወደ ዋሻው እመለሳለሁ።»

«በዚህ ጨለማ?»

«ወላሂ፣ በእኔ አምኖ ነው የገባው!»

«የመንደሩ ሰው ወንዙ ዳር አለ። ነገ ጠዋት አብረህ ትፈልጋለህ።»

«እስከ ጠዋት ምኑ ይቀራል፣ አዮ?»

ኢብቲሳም ጥጉ ላይ ተቀምጣ ሊንኩን ትቀይር ነበር። «ሶፍ ዑመር በክረምት ለምን አደገኛ ነው» ብላ ጻፈች። እያለቀሰች አነበበችልን።

ዘይነዲን ገመዱን ከግድግዳው አወረደ። ቀደምኩትና በሩ ላይ ቆምኩ። የሰው ልጅ ወንዝ ውስጥ እንዳለ እያወቅኩ የራሴን ልጅ መረጥኩ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞርኩት።