ወንዙ ዳር የቆመችው ነጥብ

ነጥቧ ቆመች።

እናትየው ስልኳን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ካርታው ላይ፣ በባሏ ስም ሥር፣ ከጠዋት ጀምሮ ወደ ገዳሙ ስትሳብ የነበረችው ሰማያዊ ነጥብ ወንዙ ዳር ቀጥ ብላለች። ባሏ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አሁን ስልኩን ይዛ የምትሄደው ልጃቸው ናት።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሴቶች በሹክሹክታ የሚያወሩት ስለ ልጅቷ ነው፤ አፈሩ ሳይደርቅ መንገድ ይወጣል ወይ? የባሏ እህት እናትየውን ለስንተኛ ጊዜ፣ «እግርሽ አብጧል፣ ጫማሽን አውልቂው እንጂ» አለቻት። አላወለቀችም። መርዶው ከመጣ ጀምሮ ለመሮጥ እንደተዘጋጀች ናት።

ባሏ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። ተሳላሚውን ገዳሙ በር ድረስ ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ አንዴ እንኳ በእግሬ ልድረስ ብሎ ዘጠኝ ቀን የሚያስኬደውን የጥንት መንገድ ጀመረ። ጎረቤቱ ፍሬንህን አረጋግጥ እያለ ሸኘው። እሷ ግን ያለበትን ስልኩ ካላሳየኝ አይወጣም ብላ በሩን ያዘች። በየሰዓቱ ስትደውል በሰባተኛው ቀን መረረው።

«እሜቴ፣ አንድ ቀን እንኳ እመኚኝ። ከቆምኩ ደክሞኝ ነው።»

በማግስቱ ነጥቧ ስትቆም አመነችው። በዕድሜዋ ክፉ ሳታስብ የዋለችው ያን ቀን ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አልደወለችም።

ልጅቷ ቀሪውን መንገድ አባቷ ከወደቀበት ልትጨርስ ስትነሳ፣ እናቷ ለምናም ተቆጥታም ልትመልሳት አልቻለችም።

አሁን ደወለች። አይነሳም። ደግማ ደወለች።

«ተያት፣ ደክሟት ይሆናል» አለች የባሏ እህት።

«እሱንም ደክሞት ይሆናል ብዬ ነው የተውኩት።»

እንደገና ደወለች። በስድስተኛው ጥሪ ተነሳ።

«እማዬ፣ እግሬ ውሃ ቋጥሮ ወንዙ ውስጥ ነክሬው ነበር። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ነው።»

«ውሃው ጥልቅ ነው?»

«ቁርጭምጭሚቴ ጋ አይደርስም።»

«ውጪ። ስልኩን እንዳትዘጊው። ተራመጂ፣ እሰማሻለሁ።»

የጠጠሩን ድምፅና የልጇን ትንፋሽ እያዳመጠች ተቀመጠች። የመጡ ሰዎች አጽናንተዋት ወጡ፤ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ከአንድ ሰዓት በኋላ እርምጃው ድንገት ተቋረጠ። የእሷም ትንፋሽ አብሮ ቆመ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»



«በሩ ጋ ደርሰናል፣ እማዬ። ጫማዬን እያወለቅኩ ነው።»

እናትየው ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ያዘችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የራሷን ጫማ ክር መፍታት ጀመረች።