ከራዲዮው በላይ

ዶክተሯ «በስልክ አስተርጓሚ እናስገባ?» ስትለኝ «በፍጹም!» ያልኩት እኔ ነኝ። አስተርጓሚው የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ቢሆንስ? የወንድሜ የበፈቃዱ ሕመም ወሬ እሑድ ሳይደርስ ሐበሻ የሞላበትን ላንድማርክ ሰፈር ያዳርሳላ! እኔ እህቱ እያለሁ የምን አስተርጓሚ!

ነገሩ በፈረንጅ 2011 ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ ክሊኒክ፣ ሰው ሳይኖር ድምፅ ለሚሰማቸው ሕመምተኞች ጥናት ከፍቶ ነበር። ማግኔት ከጆሮ በላይ ጭንቅላት ላይ አድርገው ድምፁን ያስታግሳሉ። የሚቀበሉት ግን የጠናበትን ብቻ ነው።

ዶክተሯ «ድምፁ ምን ይልሃል?» አለችው፤ ተረጎምኩለት። ወንድሜ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«የእሷ የእንግዳወርቅ ድምፅ ነው። ‹አንተን ከማመጣ ምነው እግሬን በሰበረው› ትለኛለች። ቀኑን ሙሉ።»

ክው አልኩ። ብዬዋለሁ'ኮ! ከሁለተኛ ሥራዬ ስገባ ምድጃው ሲነድ ያገኘሁ ቀን፣ አንዴ ብቻ። አፌን በቆረጠው!

«ስሙን ብቻ ነው የሚጠራው» አልኳት።

«ለምን አንቺን ጠቆመ?»

«እህቴን ጠይቋት ማለቱ ነው።»

በሳምንቱ ከክሊኒኩ ተደወለ። ሕመሙ ቀላል ስለሆነ አንቀበለውም አሉ። ስልኩን ዘግቼ ሳሎን ስገባ፣ ራዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሁለት ጆሮውን ይዞ ተቀምጧል።

«ቀንሰው እንጂ! ጎረቤት ኮምፕሌን ያደርጋል!» አልኩት።

«ከራዲዮው በላይ እየጮህሽብኝ ምን ላድርግ?» አለኝ።

ገና ለገና ሐበሻ ያማኛል ብዬ የወንድሜን መድኃኒት በገዛ አፌ አስቀረሁበት!

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ መልሼ ወሰድኩት። «ዋሽቻለሁ» አልኳት ዶክተሯን። «ድምፁ የኔ ነው።» የሚለውንም እንዳለ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፎርሙን እንደ አዲስ ሞላች፤ ለጥናቱም ይበቃል አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፦

«ድምፁ እንዲጠፋልህ ትፈልጋለህ?»

ይህንንም ተረጎምኩለት።

«ይጥፋ» አለ በፈቃዱ። «ግን እሱም ከጠፋ ቤት ውስጥ ማን ያናግረኛል? እሷ እንደሆነች ካመመኝ ወዲህ አታናግረኝም።»

ዶክተሯ «ምን አለ?» ብላ አየችኝ። እንባዬ እየቀደመኝ፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላት።